አንድ ጽሑፍ፣ ሁለት ንባብ፦ የባለ ምልክት ቁጥሮች ሕግ ይብራራልን



በወረቀት ላይ «አለ» ብለን ብንጽፍ ምን ብላችሁ ታነቡታላችሁ? ላልቶ ሲነበብ አንድ ሰው ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ አንድ ነገር ይገኛል ማለት ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማያሳይ ውሳኔው በአንባቢው ላይ ይወድቃል። አንባቢው በአማርኛ አፉን የፈታ እንደ ሆነ ከፊትና ከኋላ ያሉትን ቃላት ተመልክቶ፣ መመልከቱንም ሳያውቀው፣ ንባቡን ያቃናል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ነገሩ ጉዳት የለውም።

ነገር ግን አንባቢው ሰው ሳይሆን ማሽን ቢሆንስ? ማሽኑም ከተጻፈለት ሕግ በቀር ሌላ የማያውቅ ቢሆን፣ ሕጉም በአንድ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ በየምዕራፉ ተበታትኖ ቢገኝስ? በዚያን ጊዜ ጸሐፊው አንዱን ንባብ አስቦ ይጽፋል፤ ማሽኑ ሌላውን ያነባል፤ ሥራውም ማንም ሳያውቀው ይበላሻል። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጉዳይ ይኸው ነው፤ ይኸውም በሃርድዌር መግለጫ ቋንቋ ስታንዳርድ ውስጥ የባለ ምልክት ቁጥሮች ስሌት ሕግ ከዛሬው በበለጠ ግልጽ ሆኖ እንዲጻፍ መጠየቅ ነው።

«ይህ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚሉ የሕግና የታሪክ ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ገጹን ከመግለጣቸው በፊት ጥቂት እንዲታገሡን እንለምናለን። ነገሩ በመሠረቱ ከቁጥር ጉዳይነቱ ይልቅ የሕግ አጻጻፍ ጉዳይነቱ ያመዝናል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት በፍርድ አደባባይ ብቻ ሳይሆን በቺፕ ውስጥም እንደሚሠራ ለማሳየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ስለ ቋንቋዎቹ ጥቂት እንበል። የዛሬ ዘመን ቺፕ በእርሳስና በማስመሪያ ተስሎ አያልቅም፤ በአንዱ ትልቅ ቺፕ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች በቢሊዮን የሚቆጠሩ ናቸውና። ስለዚህ ንድፉ እንደ ድርሰት በጽሑፍ ይገለጻል። ያንን ጽሑፍ ሲሙሌተር የሚባለው ፕሮግራም አንብቦ ሥራውን በኮምፒዩተር ላይ አስመስሎ ያሳያል፤ ሲንተሲስ የሚሠራው ፕሮግራም ደግሞ አንብቦ ወደ እውነተኛ የሎጂክ ዑደት ይለውጠዋል። እንግዲህ አንድ ጽሑፍ ብዙ አንባቢ አለው ማለት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ንባብ እንዲያነቡ የሚያስገድዳቸው ስታንዳርዱ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ቬሪሎግ ይባላል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፊል ሙርቢና ፕራቡ ጎል ጌትዌይ ዲዛይን አውቶሜሽን በተባለ ኩባንያ ውስጥ በ1984 ገደማ አወጡት፤ ኩባንያውን በ1989 ካደንስ ገዛው፤ ቋንቋውም በ1995 የአይ ትሪፕል ኢ ስታንዳርድ ሆኖ ቁጥር 1364 ተሰጠው። በ2001 እና በ2005 ታደሰ። በ2009 ከእርሱ ከተስፋፋው ከሲስተም ቬሪሎግ ጋር በአንድ መጽሐፍ ተጠቃሎ በቁጥር 1800 ይጠራ ጀመር፤ የ2023 እትምም አለው። ሁለተኛው ቋንቋ ቪ ኤች ዲ ኤል ነው፤ እርሱም ከአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ፕሮግራም ተወልዶ በ1987 ስታንዳርድ ቁጥር 1076 ሆኗል። የእኛ ክርክር በይበልጥ የሚነካው ቬሪሎግን ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በቺፕ ውስጥ ያለው ዜሮና አንድ ብቻ ነው። አራት ቢቶች «1111» ሆነው ቢቀመጡ ምን ያህል ናቸው? ምልክት አልባ፣ ማለትም ከዜሮ በታች የማያውቅ ቁጥር ነው ብለን ካነበብነው 15 ነው። ባለ ምልክት፣ ማለትም ከዜሮ በታች ሊወርድ የሚችል ቁጥር ነው ብለን ካነበብነው ደግሞ፣ የሁለት ማሟያ በሚባለው አጻጻፍ መሠረት፣ −1 ነው። ጽሑፉ አንድ ነው፤ ንባቡ ሁለት ነው። በባለ ሱቅ መዝገብ ብንመስለው፣ አንዱ አንባቢ የ15 ብር ሀብት ያያል፤ ሌላው አንባቢ የአንድ ብር ዕዳ ያያል። መዝገቡ ላይ ግን አንዲት ነጥብ እንኳ አልተለወጠችም።

ቬሪሎግ በ1995 ስታንዳርድ ሲሆን ከዜሮ በታች የሚያውቀው ኢንቲጀር የሚባለው ዓይነት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሬግና ዋየር የሚባሉት፣ ንድፉ ሁሉ የሚሠራባቸው፣ ምልክት አልባ ነበሩ። በ2001 እትም «ሳይንድ» የሚለው ቃል ገባና ማንኛውንም ስፋት ያለው ቁጥር ባለ ምልክት አድርጎ ማወጅ ተቻለ። ወደ ቀኝ ሲገፋ የምልክቱን ቢት ጠብቆ የሚገፋው፣ በሦስት ቀስት (>>>) የሚጻፈው ሽግግርም በዚያው እትም መጣ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ አንክድም። ነገር ግን ከአዲሱ መብት ጋር አንድ ሕግ አብሮ ጸንቷል፤ ይኸውም በአንድ የስሌት ሐረግ ውስጥ ከሚገቡት ቁጥሮች አንዱ ምልክት አልባ ከሆነ ሐረጉ በሙሉ ምልክት አልባ ሆኖ ይሰላል የሚለው ነው። ዐሥር ባለ ምልክት ቁጥሮች በአንድ ምልክት አልባ ቢት ይሸነፋሉ። ይህ ሲሆን ቋንቋው ንድፉን አይከለክልም፤ እንዲያስጠነቅቅም አያስገድድም።

በዚህ ሕግ ምን እንደ ደረሰብን እንናገር፤ ምክንያቱም ያልደረሰበት ሰው ነገሩን እንደ ቅንጦት ሊቆጥረው ይችላልና።

እኛ አራት ሆነን ለመመረቂያ ሥራችን አንድ የድምፅ ማጣሪያ እየሠራን ነበር። የምንሠራው እንደገና ሊጻፍበት በሚችል ኤፍ ፒ ጂ ኤ በሚባል ቺፕ ሰሌዳ ላይ ነው። ከማጣሪያው ክፍሎች አንዱ ሁለት ተከታታይ የድምፅ ናሙናዎችን ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ነበር። ናሙናዎቹ 16 ቢት ስፋት ያላቸው ባለ ምልክት ቁጥሮች ናቸው፤ ድምፅ ከዜሮ በላይና በታች የሚወዛወዝ ነውና። የክፍያውን ክፋይ ለማስተካከል አንዲት ባለ አንድ ቢት ማጠጋጊያ ጨመርን። ሐረጉን በቃል ስንገልጸው፦ አንደኛውን ናሙና ከሁለተኛው ጋር ደምር፤ የማጠጋጊያዋን ቢት ጨምር፤ ድምሩን በሦስት ቀስት አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ግፋ። ውጤቱን የሚቀበለውም 16 ቢት ባለ ምልክት ነው። ከዚህ የቀለለ ምን አለ?

በሲሙሌተር ፈተንነው፤ አለፈ። ሰሌዳው ላይ ጫንነውና የጆሮ ማዳመጫውን አደረግን። ጸጥ ያለው የሙዚቃው ክፍል ሲደርስ ጆሯችንን የሚሰነጥቅ ጩኸት ወጣ። ድምፁ ከፍ ሲል ጩኸት፣ ዝቅ ሲልም ጩኸት። ሽቦውን ጠረጠርን፤ የኃይል ምንጩን ጠረጠርን፤ ሰሌዳውን እስከ መለወጥ ደረስን። ሦስት ሌሊት እንዲሁ አለፈ።

በአራተኛው ቀን መምህራችን መጥተው የፈተና ቁጥሮቻችንን በጸጥታ ተመለከቱና፣ «ልጆች፣ ፈተናችሁ ሁሉ ከዜሮ በላይ ነው፤ ዕዳ የሌለበትን መዝገብ ማንም ይደምረዋል» አሉን። እፍረት ተሰማን። ወዲያው ሁለቱንም ናሙናዎች −2 አድርገን፣ ማጠጋጊያዋን ዜሮ አድርገን አስላነው። የ−2 እና የ−2 ድምር −4 ነው፤ ለሁለት ሲካፈል −2 መሆን ነበረበት። ቺፑ የሰጠን ግን 32766 ነበር። በ16 ቢት ባለ ምልክት ቁጥር ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ 32767 ነውና፣ እንግዲህ ዝምታ ሊባል የሚችለው ትንሽ ድምፅ ወደ መጨረሻው ከፍተኛ ድምፅ ተለወጠ ማለት ነው።

ምክንያቱ ያቺ አንዲት ማጠጋጊያ ቢት ነበረች። ስናውጃት «ሳይንድ» አላልናትም፤ ዜሮ ወይም አንድ ለመሆን ምልክት ምን ያደርግላታል ብለን። በሕጉ መሠረት ግን እርስዋ ምልክት አልባ ስለ ሆነች ሐረጉ በሙሉ ምልክት አልባ ሆነ። −2 የነበረው 65534 ተብሎ ተነበበ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ከ16 ቢት የተረፈው ወድቆ 65532 ቀረ፤ ሦስቱ ቀስቶችም የምልክቱን ቢት መጠበቅ ትተው በባዶው ቦታ ዜሮ አስገቡ፤ 32766 ሆነ። ተቀባዩ ባለ ምልክት መሆኑ አላዳነንም፤ በግራ ያለው ተቀባይ የሐረጉን ስፋት ሊወስን ይችላል እንጂ ምልክቱን አይወስንምና።

ከመካከላችን አንዱ መድኃኒቱን ያገኘ መስሎት፣ «እንግዲያውስ ቢቷን ባለ ምልክት ናት ብለን እንለውጣት» አለ። ለወጥናት። ጩኸቱ ቆመ፤ ማጠጋጊያው ግን ወደ ላይ ማለት ሲገባው ወደ ታች ይል ጀመር። ለምን? ባለ አንድ ቢት ባለ ምልክት ቁጥር ያለችው አንዲት ቢት ራስዋ የምልክት ቢት ስለ ሆነች፣ በ«1» ስትሞላ −1 ናት። አንድ እንጨምር ስንል አንድ እንቀንስ ነበር። ትክክለኛው መድኃኒት በቢቷ ፊት አንድ ዜሮ ቀጥሎ ሁለት ቢት ማድረግ፣ ከዚያም ባለ ምልክት ናት ማለት ነው። ይህ ከታወቀ በኋላ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ልብ በሉ፤ ሲሙሌተሩ አልተሳሳተም፤ ሰሌዳውም አልተሳሳተም። ሁለቱም ስታንዳርዱን በታማኝነት አነበቡ። የተሳሳትነው እኛ ነን። ጥፋታችንን በሌላ ላይ ለማላከክ አንጽፍም። ይሁን እንጂ ከጥፋታችን በኋላ ስታንዳርዱን ከፍተን ሕጉን ለማግኘት የደከምነውን ድካም ስናስበው፣ የመጽሐፉም አጻጻፍ ከነቀፌታ ነጻ ነው ለማለት አንችልም።

ይህንንም ስንል በማስረጃ ነው። በሲስተም ቬሪሎግ መጽሐፍ ውስጥ በቁጥር ስለሚጻፉ ቋሚዎች የሚናገረው ክፍል በአምስተኛው ምዕራፍ ይገኛል። ስለ ኦፕሬተሮች የሚናገረው በዐሥራ አንደኛው ምዕራፍ ነው። ሦስቱ ቀስቶች በዚያ ምዕራፍ በአንድ ንዑስ ክፍል፣ የሐረግ ስፋት በሌላ ንዑስ ክፍል፣ የሐረግ ምልክት ደግሞ ወደ ምዕራፉ መጨረሻ በሌላ ንዑስ ክፍል ተቀምጧል። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ለብቻው እውነት ነው። አንድ ተማሪ ግን አንዲት የመደመር ሐረግ በትክክል ለማንበብ አራቱንም ክፍሎች በአእምሮው አገናኝቶ መያዝ አለበት።

ስለ ሦስቱ ቀስቶች የተጻፈውን እንመልከት። ውጤቱ ምልክት አልባ ከሆነ ባዶው ቦታ በዜሮ ይሞላል፤ ባለ ምልክት ከሆነ በምልክቱ ቢት ይሞላል ይላል። ጥሩ ነው። ምሳሌው ግን «1000» የሚለውን ባለ አራት ቢት ባለ ምልክት ቁጥር ሁለት ቦታ ገፍቶ «1110» እንደሚሆን ያሳያል፤ ይኸውም −8 ለአራት ተካፍሎ −2 ሆነ ማለት ነው። በምሳሌው ውስጥ ሁሉም ባለ ምልክት ነው፤ እንግዳ የለበትም። ያንኑ ስሌት በምርጫ ሐረግ ውስጥ ብናስገባውስ? «ምርጫው አንድ ከሆነ የተገፋውን ስጥ፤ ዜሮ ከሆነ በቢት የተጻፈውን አራት ዜሮ ስጥ» ብንልስ? በቢት የተጻፈው ቋሚ ምልክት አልባ ስለ ሆነ ምርጫው አንድ ሆኖ ሳለ፣ አራቱ ዜሮዎች ከቶ ሳይመረጡ፣ ውጤቱ ከ«1110» ወደ «0010» ይለወጣል። −2 የነበረው 2 ይሆናል። ያልተመረጠው ተመራጩን ለወጠው! አንባቢው «ውጤቱ» የሚለውን ቃል ሲያነብ ይህን ሁሉ እንዲያስተውል መጠበቅ ከተማሪው አቅም በላይ መጠየቅ ይመስለናል።

ሌሎችም አሉ። ቁጥር በተለመደው የዐሥር አጻጻፍ፣ ያለ መሠረት ምልክት ሲጻፍ ባለ ምልክት ነው፤ ያው ቁጥር የመሠረት ምልክት ሲጨመርበት ግን፣ ለይቶ «ባለ ምልክት» የሚለው ፊደል ካልገባበት በቀር፣ ምልክት አልባ ይሆናል። መጽሐፉ ራሱ ይህን ሲያሳይ −12 ለ3 ሲካፈል −4 እንደሚሆን፣ 12ቱ በመሠረት ምልክት ሲጻፍ ግን ውጤቱ 1431655761 እንደሚሆን ጽፏል። ባለ ምልክት የሆነውን ቁጥር ከመጀመሪያው ቢት እስከ መጨረሻው ቢት ቆርጦ መጥራት፣ ምንም እንኳ ከቁጥሩ የቀረ ቢት ባይኖር፣ ምልክቱን ይሰርዘዋል። ሁለት ቁጥሮችን ማያያዝም ምልክት አልባ ያደርጋል። ባይት የሚባለው ዓይነት ሳይነገርለት ባለ ምልክት ነው፤ ስምንት ቢት ሎጂክ ግን ሳይነገርለት ምልክት አልባ ነው። ሁለቱም ስፋታቸው አንድ ነው። ይህን ሁሉ በቃል የሚይዝ ተማሪ ቢኖር ለዜማ ቤት የተፈጠረ ነው እንላለን።

እዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች እንደሚቀርቡብን እናውቃለን።

የመጀመሪያው፣ «ሕጉ ከከፋ ለምን አይለወጥም?» የሚል ነው። እኛ ሕጉ ይለወጥ አንልም። ከ1995 ወዲህ የተጻፉት ንድፎች ይህንኑ ንባብ አምነው ተጽፈዋል። ዛሬ ንባቡ ቢገለበጥ ትናንት ትክክል የነበረው ሥራ ነገ ስሕተት ይሆናል። ሕግን ወደ ኋላ ሄዶ እንዲሠራ ማድረግ ምን ዓይነት በደል እንደሆነ የሕግ ተማሪዎች ወንድሞቻችን ይነግሩናል። ነገር ግን ሕጉ ሊለወጥ የማይችል መሆኑ ራሱ የማብራራትን ግዴታ ያከብደዋል። የሚለወጥ ሕግ በደንብ ባይጻፍ ነገ ይታረማል፤ የማይለወጥ ሕግ በደንብ ካልተጻፈ ግን ትውልድ ሁሉ በየተራው ይወድቅበታል።

ሁለተኛው፣ «ጥብቅ የሆነውን ቋንቋ ተጠቀሙ» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ቪ ኤች ዲ ኤል በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው። በ1997 በስታንዳርድነት የጸደቀው ኒውመሪክ ስታንዳርድ የተባለው ጥቅል ባለ ምልክትንና ምልክት አልባን ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች አድርጓቸዋል፤ ያለ ግልጽ ለውጥ ሁለቱን ልደምር ቢሉት አይቀበልም። ይሁን እንጂ እዚያም ቢሆን መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ከዚያ በፊት አንድ የመሣሪያ ኩባንያ ያዘጋጃቸው ጥቅሎች፣ የአይ ትሪፕል ኢ ስታንዳርድ ሳይሆኑ፣ በአይ ትሪፕል ኢ ስም በሚጠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠው ተስፋፍተው ነበር። ከእነርሱም ሁለቱ ያንኑ የቢት ረድፍ፣ አንደኛው ባለ ምልክት ነው ብሎ፣ ሁለተኛው ምልክት አልባ ነው ብሎ ያነቡታል። በፋይሉ ራስ ላይ የትኛው እንደ ተጠራ ያላየ ሰው ውስጡን ሊያነብ አይችልም። እንግዲህ በሽታው የአንድ ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ያዳነውም ግልጽ ሆኖ የተጻፈው የ1997 ስታንዳርድ ነው። ይህ ክርክራችንን ያጠነክራል እንጂ አያፈርሰውም።

ሦስተኛው፣ «ልምድ ያለው መሐንዲስ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ የማስጠንቀቂያ መሣሪያዎችም አሉ» የሚል ነው። ልምድ ያለው መሐንዲስ የሚያውቀው ከጎኑ የተቀመጠ ሌላ ልምድ ያለው መሐንዲስ ስለ ነገረው ነው። ቺፕ የሚነድፉ ኩባንያዎች በሞሉበት ከተማ የሚማር ተማሪ ሲቸገር በር አንኳኩቶ ይጠይቃል። እንደ እኛ ከዚያ ርቆ የሚማር ግን ያለው መምህር መጽሐፉ ብቻ ነው። መጽሐፉ ዝም ያለበትን ሌላው በወሬ ይሰማዋል፤ እኛ በሦስት ሌሊት እንቅልፍ እንገዛዋለን። ስለዚህ የስታንዳርድ ግልጽነት የሊቃውንት ቅንጦት ሳይሆን፣ በስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ላልነበረው ሰው የሚደረግ ፍርድ ነው። ስሕተቱም ሁልጊዜ እንደ እኛ በሰሌዳ ላይ አይቀርም፤ የእኛ ሰሌዳ ተሰርዞ ይጻፋል፤ ተመርቶ የወጣ ቺፕ ግን አይሰረዝም። በ1994 በፔንቲየም ቺፕ የማካፈል ክፍል ውስጥ የታየው ስሕተት፣ ምክንያቱ ከእኛ ጉዳይ የተለየ ቢሆንም፣ ኢንቴልን 475 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስወጥቶታል። በሲሊኮን ላይ የተጻፈ ስሕተት ዋጋው ይህን ያህል ነው።

አገራችን በትርጓሜ የታወቀች ናት። አንድን ጥቅስ «አንድም፣ አንድም» እያሉ በየአቅጣጫው የሚፈቱ መምህራን አሉን፤ በዚህም እንኮራለን። ለማሽን በሚጻፍ ሕግ ውስጥ ግን «አንድም» ሊኖር አይገባም። ቅኔ ሰምና ወርቅ ሲኖረው ያምርበታል፤ ስታንዳርድ ግን ወርቁን አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጥ ይገባዋል።

ምን ይደረግ ነው የምትሉን? ሐሳባችን አራት ነው።

አንደኛ፤ የስፋትና የምልክት ሕጎች በአንድ ሠንጠረዥ ይሰብሰቡ። እያንዳንዱ ኦፕሬተር በረድፉ ይቀመጥ፤ የሚገቡት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ምልክት ይለዋወጡ እንደ ሆነ፣ ወይስ እያንዳንዱ ለራሱ ይወስን እንደ ሆነ በፊቱ ይጻፍ። ለምሳሌ ወደ ቀኝ ስንገፋ ምን ያህል ቦታ እንደሚገፋ የሚናገረው ቁጥር የሐረጉን ምልክት አይነካም፤ የሚጨመረው ቁጥር ግን ይነካል። ይህ ልዩነት ከሠንጠረዥ ላይ በዓይን ይታይ።

ሁለተኛ፤ ስሌቱ የሚሄድበት ቅደም ተከተል በተሠራ ምሳሌ ይታይ። መጀመሪያ የሐረጉ ስፋትና ምልክት ከታች ወደ ላይ ይወሰናል፤ ከዚያም ውሳኔው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቁጥሮቹ የሚሰፉት ከዚያ በኋላ ነው፤ ስሌቱም በመጨረሻ ይመጣል። መጽሐፉ እነዚህን ደረጃዎች ይናገራል፤ ነገር ግን እንደ እኛ ማጠጋጊያ ያለ የተቀላቀለ ሐረግ ወስዶ ከደረጃ ወደ ደረጃ፣ ከቢት ወደ ቢት ቢያሳይ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍንም ነበር።

ሦስተኛ፤ ቀላሉ ምሳሌ ባለበት ሁሉ ከባዱ ምሳሌ ከጎኑ ይቀመጥ። ሁሉም ባለ ምልክት የሆነበትን ብቻ ማሳየት ዋናተኛን በደረቅ መሬት እንደ ማሠልጠን ነው።

አራተኛ፤ ባለ ምልክት ቁጥር በሌላው ምክንያት በዝምታ ምልክቱን ሲያጣ፣ መሣሪያዎች እንዲያስጠነቅቁ ስታንዳርዱ ይምከር። ንባቡ አይለወጥ፤ ነገር ግን ሲለወጥብን ይነገረን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ለሌላው ይህን ስንመክር ለራሳችን የምንመክረውን አንርሳ። ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከዜሮ በታች ሊወርድ የሚችለውን ቁጥር ሁሉ በግልጽ «ሳይንድ» በሉት፤ በሐረጉ ውስጥ የሚገባውን ቋሚም እንዲሁ። ምልክት አልባውን ከባለ ምልክቱ ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት በፊቱ ዜሮ ጨምራችሁ ለውጡት። ሦስት ቀስት ያለበትን ስሌት በትልቅ ሐረግ ውስጥ አትቅበሩት፤ ለብቻው ስም ስጡት፤ ለብቻው አስሉት። ወደ ቀኝ መግፋትና ማካፈልም ከዜሮ በታች አንድ እንዳልሆኑ አትርሱ፤ −7 ለ2 ሲካፈል −3 ነው፤ አንድ ቦታ ሲገፋ ግን −4 ነው። ከሁሉ በላይ፣ ስትፈትኑ ከዕዳው ጀምሩ፦ −1ን፣ የመጨረሻውን ትንሽ ቁጥርና የሁለቱን ድንበር ፈትኑ። መምህራኖቻችንም ቋንቋውን ሲያስተምሩ ይህን ሕግ ወደ ኮርሱ መጨረሻ እንዳያስቀሩት፣ ከመደመር ጋር በመጀመሪያው ሳምንት እንዲያስተምሩት በትሕትና እንጠይቃለን።

ሌላም አለ። የ2012፣ የ2017 እና የ2023 እትሞች አክሴሌራ በተባለው ማኅበር ድጋፍ ያለ ክፍያ ለማንም ሰው ተፈቅደዋል። ስለዚህ «መጽሐፉን አላገኘነውም» የሚለው ምክንያት ዛሬ አይሠራም። አይ ትሪፕል ኢም በስታንዳርዶቹ መግቢያ ላይ ማንኛውም ሰው፣ አባል ቢሆንም ባይሆንም፣ የማሻሻያ አስተያየት እንዲልክ ይጋብዛል። እኛ አራታችን ከላይ የጻፍነውን የማጠጋጊያ ምሳሌ ከስሌቱ ጋር አዘጋጅተን ለመላክ ቆርጠናል። እናንተም የወደቃችሁበትን ምሳሌ አምጡልን፤ አብረን እንልከዋለን። ከሩቅ የመጣ ድምፅ አይሰማም ብለን አስቀድመን ዝም አንበል፤ ቢያንስ ያልተናገረ ሰው አልሰሙኝም ብሎ ሊወቅስ አይችልም።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። እውነት ነው። በጽሑፍ ያለው ነገር ግን በግልጽ ካልተጻፈ፣ የሚወረሰው ሀብቱ ሳይሆን ዕዳው ነው።